ስለ አየር መንገድ ሠራተኞች ደመወዝ መቀነስና ስለ ሙያተኞች መልቀቅ

አንድ መንግሥት ወይም አንድ ታላቅ ኩባንያ ያለው ሀብት በሁለት ይከፈላል። አንደኛው በግምጃ ቤት ያለው ገንዘብ፥ ሕንፃውና መሣሪያው ነው፤ ይህ በመዝገብ ይጻፋል። ሁለተኛው ግን በሰው እጅና በሰው አእምሮ ያለው ሙያ ነው፤ ይህ በመዝገብ አይጻፍም። የመጀመሪያው ሲጐድል ጸሐፊው በዚያው ቀን ያየዋል፤ ሁለተኛው ሲጐድል ግን ጉድለቱ የሚታወቀው ብዙ ዓመት ካለፈና መመለሻው ከጠፋ በኋላ ነው። ይህን ነገር ለማስረዳት ካለፉት ሃያ አምስት ዓመታት ወዲህ በአሜሪካና በሌላም አገር በአየር መንገድ ሠራተኞች ላይ የደረሰውን መመልከት ስለሚበቃ፥ ዛሬ ስለዚሁ ጉዳይ ልናመለክት ወደድን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት፥ የኢትዮጵያ ተብለው ካልተለዩ በቀር፥ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ አገር እስከ 1978 ድረስ አይሮፕላኖች የሚበሩበትን መሥመርና መንገደኛው የሚከፍለውን ዋጋ የሚወስነው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር። በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር ፕሬዚዳንት ካርተር በፈረሙት ሕግ ይህ ቍጥጥር እንዲቀር ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ኩባንያዎቹ ዋጋ እየቀነሱ መንገደኛ ለመሳብ እርስ በርሳቸው ስለተሽቀዳደሙ፥ ቀድሞ በአይሮፕላን ለመሄድ አቅም ያልነበረው ሰው ሁሉ ሊሄድ ቻለ፤ ይህም ታላቅ ጥቅም መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ኩባንያው ዋጋውን በቀነሰ ቍጥር ወጪውንም መቀነስ ግድ ሆነበት። የነዳጅ ዋጋ በዓለም ገበያ የሚቈረጥ ነው፤ የአይሮፕላኑንም ዋጋ የሚወስነው ሠሪው ነው። ኩባንያው በራሱ እጅ ሊያጥፈውና ሊዘረጋው የሚችለው ወጪ ከሁሉ ይልቅ የሠራተኛው ደመወዝ ነው። ስለዚህ ክፉ ዘመን በመጣ ጊዜ ሁሉ ቢላዋው አስቀድሞ የሚያርፈው በደመወዝ ላይ ሆነ።

ዩናይትድ የተባለው ኩባንያ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በ1994 የዚህ ኩባንያ ነጂዎች፥ መካኒኮችና ሌሎችም ብዙ ሠራተኞች ደመወዛቸው እንዲቀነስ ተስማምተው፥ በምትኩ ከኩባንያው አክሲዮን ከመቶ 55 እጁን ተቀበሉ። በዚያን ጊዜ ሠራተኛ የኩባንያ ባለቤት ሆነ ተብሎ ነገሩ በዓለም ሁሉ ተወደሰ። ነገር ግን መስከረም 11 ቀን 2001 በኒውዮርክና በዋሺንግተን ከደረሰው ጥፋት በኋላ መንገደኛው ስለ ቀነሰ፥ ኩባንያው በታኅሣሥ 2002 መክሰሩን ለፍርድ ቤት አስታወቀ። አክሲዮኑም ዋጋ የሌለው ወረቀት ሆኖ ቀረ። ሠራተኞቹ ደመወዛቸውን አስቀድመው ስለ አክሲዮኑ ሰጥተው ነበርና ሁለቱንም አጡ። ኩባንያው በፍርድ ቤት ጥላ ሥር ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ከቆየ በኋላ፥ በ2005 በግንቦት ወር የሠራተኞቹን የጡረታ ውል ለማፍረስ ፈቃድ አገኘ። ከጡረታው ጉድለት ውስጥ 6 ቢሊዮን ከ600 ሚሊዮን ዶላር ያህሉ ለጡረታ ዋስትና በተቋቋመው የመንግሥት ድርጅት ላይ ወደቀ። ይህም ድርጅት የሚከፍለው በሕግ በተወሰነ ልክ ስለሆነ፥ ከዚያ ልክ በላይ ተስፋ የተሰጣቸው ሽማግሌዎች ቀሪውን አጡ።

ይህ የአንድ ኩባንያ ዕጣ ብቻ አይደለም። ዩ ኤስ ኤርዌይስ በ2002 አንድ ጊዜ፥ በ2004 ሁለተኛ ጊዜ ከሰረ። ዴልታና ኖርዝዌስት በአንድ ቀን፥ መስከረም 14 ቀን 2005፥ መክሰራቸውን አስታወቁ። አሜሪካን የተባለው ኩባንያ በ2003 ወደ ፍርድ ቤት ላለመሄድ ሲል ሦስቱን የሠራተኞች ማኅበራት ለምኖ፥ በዓመት ከ1 ቢሊዮን ከ500 ሚሊዮን ዶላር የሚበልጥ ገንዘብ ከደመወዛቸውና ከጥቅማቸው እንዲቀነስ አስማማ። ነገር ግን ሠራተኞቹ ድምፅ በሰጡበት ሰሞን፥ ለኩባንያው ታላላቅ ሹማምንት ከሥራቸው እንዳይለቁ ልዩ ጉርሻ እንደ ተመደበና፥ ኩባንያው ቢከስር እንኳ ጡረታቸው እንዳይነካ ገንዘብ ለብቻ እንደ ተቀመጠ ተገለጠ። ቍጣው ስለ በረታ ጉርሻው ተሰረዘ፤ የኩባንያውም አለቃ ዶን ካርቲ በዚያው በሚያዝያ ወር ሥራቸውን ለቀቁ። እንግዲህ ልብ ማለት የሚገባው ይህ ነው፤ ሠራተኞቹ መቀነሱን ተቀብለው ነበር። ያስቈጣቸው የድርሻው ማነስ ሳይሆን፥ ሸክሙ ለሁሉ እኩል ነው ተብሎ ሲነገር አንዳንዱ ሸክሙን በስውር ማውረዱ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለእኛ ቅርብ የሆነው ግን የትራንስ ዎርልድ ኩባንያ ነገር ነው። አየር መንገዳችን በኢትዮጵያ አቈጣጠር ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓመተ ምሕረት ሲቋቋምና መጋቢት 30 ቀን ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን ጉዞ ሲያደርግ፥ አስተዳዳሪዎችንና የሠለጠኑ ሰዎችን የሰጠው ይህ ኩባንያ ነበር። እርሱ ራሱ ግን በ1992፥ በ1995 እና በ2001 ሦስት ጊዜ ከስሮ፥ በመጨረሻ በአሜሪካን ኩባንያ ተገዛ። የገዢው አስተናጋጆች ማኅበር ከትራንስ ዎርልድ የመጡትን አስተናጋጆች በአገልግሎት ተራ ከሁሉ በታች እንዲጻፉ አደረገ፤ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለች ሴት ትናንት ከተቀጠረችው በታች ሆነች። ቅነሳ በመጣ ጊዜም የሚሰናበተው ከግርጌ ጀምሮ ስለሆነ፥ እስከ 2003 ድረስ እነዚያ በሺህ የሚቈጠሩ አስተናጋጆች ከሥራ ወጡ። ሌላውን መብረር ያስተማረ ኩባንያ የራሱን ሰዎች ከመሬት ላይ ጥሎ አለፈ ማለት ነው።

የአየር መንገድ ሠራተኛ ደመወዙ ሲቀነስ ለምን ወዲያው አይለቅም ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር፥ መልሱ ያለው በዚህ በአገልግሎት ተራ ውስጥ ነው። በእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ደንብ፥ ተማሪ በቤተ ልሔም ድጓውን አጽንቶ ወደ ዙር አምባ ወይም ወደ ጎንጅ ቢሻገር፥ አዲሱ መምህር ከፊደል ጀምር አይለውም፤ የያዘው ዕውቀት እንደ ስንቅ ሆኖ አብሮት ይገባል። በአሜሪካ የአየር መንገድ ደንብ ግን እንዲህ አይደለም። ሃያ ዓመት ካፒቴን ሆኖ የኖረ ሰው ወደ ሌላ ኩባንያ ቢሄድ፥ ዕውቀቱ ሁሉ ሳለ እንደ አዲስ ገብ በመጨረሻው ተራ ይጻፋል፤ ረዳት ነጂ ይሆናል፤ ደመወዙ በጀማሪ ልክ ይሆናል፤ በበዓል ቀንና በሌሊት የሚበረውም እርሱ ነው። ስለዚህ ከኩባንያው ጋር የተሳሰረው እንደ ጋብቻ ነው እንጂ እንደ ቅጥር አይደለም። ቀጣሪውም ይህን ስለሚያውቅ፥ ደመወዙ ቢቀነስበትም ወዴት ይሄዳል ብሎ ይተማመናል። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የተባለው በዚህ ሰው ላይ ደርሷል።

በሕግም በኩል ቢሆን መንገዱ ጠባብ ነው። በ1926 ለምድር ባቡር ሠራተኞች የወጣውና በ1936 ለአየር መንገድም እንዲሆን የተደረገው ሕግ፥ መንግሥት ያቋቋመው የአስታራቂዎች ጉባኤ ካላሰናበታቸውና ከዚያም 30 ቀን ካላለፈ በቀር ስለ ደመወዝ ውል ሥራ ማቆምን አይፈቅድም። ሥራ ማቆም የተፈቀደላቸውም ሁልጊዜ አልቀናቸውም። በ2005 በነሐሴ ወር የኖርዝዌስት መካኒኮችና ጽዳት ሠራተኞች ከ4 ሺህ የሚበልጡ ሆነው ሥራ ቢያቆሙ፥ ኩባንያው አስቀድሞ ያዘጋጃቸውን ሌሎች ሰዎች ተክቶ መብረሩን ቀጠለ። ሌሎቹም ማኅበራት አብረዋቸው አልቆሙም። እነዚያ መካኒኮች ሥራቸውን አጡ። ይሁን እንጂ መካኒክ ከነጂው የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ሞተር የሚያውቅ እጅ በፋብሪካም፥ በኤሌክትሪክ ማመንጫም ሥራ አያጣም። ስለዚህ ደመወዝ ሲወርድ አስቀድሞ የሚሄደው እርሱ ነው፤ ሲሄድም ድምፅ ሳያሰማ ነው።

ያልሄዱትስ እንዴት ኖሩ ቢባል፥ አንዳንዶቹ ሁለት ባላ ትከል፥ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል እንደሚባለው፥ በዕረፍት ቀናቸው ቤት እያሻሻጡና ንግድ እየነገዱ ኖሩ። ሌሎቹ የቤት ኪራይ ከሚወደድበት ከተማ ወጥተው ራቅ ወዳለው ስፍራ ገቡና፥ በሥራቸው ዋዜማ በሌላ አይሮፕላን ትርፍ መቀመጫ እየተሳፈሩ መምጣት ጀመሩ። በአይሮፕላን ጣቢያ አጠገብ አንድ ቤት ለብዙ ሆነው ተከራይተው፥ አልጋ በተራ የሚተኙም ብዙዎች ናቸው። የአስተናጋጆችም ደመወዝ በብዙ ኩባንያ የሚቈጠረው የአይሮፕላኑ በር ከተዘጋ ጀምሮ ስለሆነ፥ መንገደኛ ሲያሳፍሩና ዕቃ ሲያነሡ ያለው ድካም ሳይከፈልበት ኖሯል። በዚህ ረገድ ዴልታ በ2022 ለማሳፈሪያው ሰዓት የደመወዙን ግማሽ መክፈል መጀመሩ፥ ነገሩ እስከዚያ ድረስ ምን ያህል እንደ ተዘነጋ ያሳያል።

የዚህ ኑሮ ፍሬ በ2009 በግልጥ ታየ። በዚያ ዓመት ጥር 15 ቀን የዩ ኤስ ኤርዌይስ ካፒቴን ቼስሊ ሰለንበርገር፥ ሁለቱም ሞተሮች በወፎች የተመቱበትን አይሮፕላን በኒውዮርክ በሃድሰን ወንዝ ላይ አሳርፈው በውስጡ የነበሩትን 155 ሰዎች ሁሉ አዳኑ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ በአሜሪካ ምክር ቤት ቀርበው ሲመሰክሩ፥ ደመወዛቸው ከመቶ 40 እጅ እንደ ተቀነሰ፥ ጡረታቸውም ፈርሶ ከተስፋው ጥቂት ብቻ እንደ ቀረ ገለጡ፤ ልጆቻቸው ይህን ሥራ እንዲወርሱ የሚፈልግ ነጂ እንደማያውቁም ጨምረው ተናገሩ። አገሩ ሁሉ ጀግና ብሎ ያከበረው ሰው በእንጀራው የተጐዳ ሠራተኛ መሆኑ በዚያ ቀን ታወቀ።

በዚያው ዓመት የካቲት 12 ቀን ደግሞ ኮልጋን የተባለ አነስተኛ ኩባንያ አይሮፕላን በቡፋሎ ከተማ አጠገብ ወድቆ 50 ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎቹ ዋናውን ምክንያት ካፒቴኑ ለማስጠንቀቂያው ምልክት በሰጠው የተሳሳተ ምላሽ ላይ አደረጉ፤ ስለዚህ ጥፋቱን ደመወዝ አመጣው ማለት ከእውነት መራቅ ይሆናል። ነገር ግን በምርመራው ጊዜ ከነጂዎቹ አንደኛዋ ከአገሩ ወዲያኛው ጫፍ ሌሊቱን በአይሮፕላን ስትጓዝ አድራ ለሥራ እንደ ቀረበች፥ የደመወዟም ልክ እንዴት ያለ አነስተኛ እንደ ነበረ በአደባባይ ተነገረ። ብዙ መንገደኞች ነፍሳቸውን የሚሰጡት ሰው ማደሪያ ለመከራየት አቅም የሌለው ሊሆን እንደሚችል ያን ጊዜ አወቁ። ምክር ቤቱም በ2010 ሕግ አወጣ፤ በዚህም መሠረት ከ2013 ጀምሮ ረዳት ነጂ የሚሆን ሰው በጠቅላላው 1500 ሰዓት የበረረ እንዲሆን ታዘዘ፤ ወታደር የነበረና በታወቀ ኮሌጅ የተማረ ሰው ግን ባነሰ ሰዓት ይፈቀድለታል። ስለ ዕረፍት ሰዓትም አዲስ ደንብ ወጥቶ ከ2014 ጀምሮ ተሠራበት።

እንግዲህ ነገሩ ወዴት እንዳመራ እንመልከት። ወጣቱ አባቶቹ የደረሰባቸውን አይቶ ከዚህ ሙያ ራቀ፤ ለመማር የሚያስፈልገው ገንዘብ ብዙ፥ ከተማረ በኋላ የሚያገኘው ጥቂት ሆነበት። በ2020 የኮሮና በሽታ በዓለም በተስፋፋ ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት የሠራተኞች ደመወዝ እንዲከፈል ለኩባንያዎቹ ብዙ ቢሊዮን ዶላር ሰጠ፤ ኩባንያዎቹ ግን ወጪ ለመቀነስ ሲሉ አረጋውያኑን ነጂዎች ገንዘብ እየሰጡ ከጊዜያቸው በፊት በጡረታ አሰናበቱ። በሽታው ጋብ ብሎ መንገደኛው በተመለሰ ጊዜ፥ አይሮፕላኑ ቆሞ የሚነዳው ሰው ታጣ፤ ለብዙ ትናንሽ ከተማዎችም የነበረው በረራ ቀረ። በ2022 በሰኔ ወር የአሜሪካን ኩባንያ ቅርንጫፎች ለጀማሪ ረዳት ነጂ የሚከፈለውን በሰዓት ወደ 90 ዶላር ከፍ አደረጉት። በ2023 በመጋቢት ወር ዴልታ በአራት ዓመት ውስጥ ከመቶ 34 እጅ የሚደርስ ጭማሪ ለነጂዎቹ ፈረመ፤ ሌሎቹም ታላላቅ ኩባንያዎች ተከተሉት። በሃያ ዓመት ውስጥ በቅነሳ የተገኘው ትርፍ በጥቂት ወራት ውስጥ ከነወለዱ ተመለሰ ማለት ይቻላል።

በሩቅ ምሥራቅም እንዲሁ ሆነ። የሆንግ ኮንግ ካቴ ፓሲፊክ ኩባንያ በ2020 በጥቅምት ወር 5900 ሠራተኞች አሰናብቶ፥ ካቴ ድራጎን የተባለውን ቅርንጫፉን ዘጋ፤ ለቀሩትም ነጂዎች ደመወዝና አበል የሚቀንስ አዲስ ውል አቅርቦ፥ በጥቂት ቀን ውስጥ እንዲፈርሙ ጠየቀ። ሁሉም ለማለት እስኪቻል ድረስ ፈረሙ። አለቆቹ ይህን ፊርማ እንደ ስምምነት ቈጠሩት። የፈረመው ሰው ግን የፈረመው ሌላ በር እስኪከፈት ድረስ ነበርና፥ ሰማዩ ሲከፈት ብዙዎች ሄዱ። በ2023 መጨረሻና በ2024 መጀመሪያ፥ መንገደኛው በሚበዛበት በበዓል ወራት፥ ኩባንያው ነጂ በማነሱ ምክንያት በረራዎችን ሰርዞ ሕዝቡን ይቅርታ ጠየቀ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይህ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ክርክር ይነሣል። ገበያው ራሱ ነገሩን አስተካክሎ ደመወዙን መልሶ ካሳደገው፥ ምን ጉዳት ደረሰ የሚሉ አሉ። መልሳችን፥ የተጐዳውና የተካሰው አንድ ሰው አይደለም የሚል ነው። እስከ 2007 መጨረሻ ድረስ የአሜሪካ ነጂ በ60 ዓመቱ መሪውን እንዲለቅ ሕግ ያስገድደው ነበር። በ2005 ዕድሜው 58 የነበረ ካፒቴን ደመወዙ ተቀንሶ፥ ጡረታው ፈርሶ ወደ ቤቱ ገባ፤ የ2023 ጭማሪ ለዚህ ሰው ምንም አላመጣለትም። ገበያ ሚዛኑን ያስተካክላል፤ የሚያስተካክለው ግን በሌላ ትውልድ ላይ ነው። የሰው ዕድሜ ደግሞ ገበያውን አይጠብቅም።

በሌላው ወገን ለአለቆቹም የሚገባቸውን ፍርድ መስጠት ይገባል። ኩባንያው በእውነት ገንዘብ ሲያልቅበት፥ ደመወዝ አይነካ ማለት ሁሉም አብሮ ይሙት ማለት ነው። ትራንስ ዎርልድ እንደ ጠፋ ሌሎቹም በጠፉ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው መቀነስ ይገባል ወይስ አይገባም ሳይሆን፥ እንዴት ይቀነስ የሚለው ነው። ካለፈው ታሪክ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ ቅነሳው ከላይ ይጀምር፤ አለቃው ያልተካፈለው ጾም ለሠራተኛው ረኀብ እንጂ ጾም አይባልም። ሁለተኛ፥ ከሠራተኛው የተወሰደው እንደ ብድር ይቈጠር፤ ትርፍ በመጣ ጊዜ በምን ልክና በየትኛው ዓመት እንደሚመለስ አስቀድሞ በውል ይጻፍ። ሦስተኛ፥ ለሽማግሌ የተቀመጠው ጡረታ ከኩባንያው ሀብት ተለይቶ ይጠበቅ፤ የዛሬን ጉድለት ለመሙላት የትናንትን ድካም መውሰድ ከሁሉ የከፋ ነውና።

ለሠራተኛውም ምክር የሚያስፈልገው ይመስለናል። መልቀቅና መቅረት በንዴት የሚወሰን ነገር አይደለም። የሚለቅ ሰው አስቀድሞ ሙያው በሌላ ስፍራ ስንት እንደሚያወጣ፥ በመልቀቁ የሚቀርበት ተራና ጡረታ ምን ያህል እንደሆነ፥ የሚሄድበትም ኩባንያ በክፉ ቀን በውጭ አገር ሰው ላይ እንዴት እንደሚፈርድ ይመርምር። በ2020 በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉት ታላላቅ ኩባንያዎች እጅግ ብዙ ሠራተኞችን አሰናብተዋል፤ በዚያ አገር ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድ ከሥራው ጋር የተያያዘ ስለሆነ፥ ከሥራ የወጣ ሰው ከቤቱም ወጥቶ ሻንጣውን ይዞ ለመመለስ ይገደዳል። የሚቀርም ሰው ተስፋ ሲሰጡት በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይቀበል፤ የዩናይትድ ሠራተኞች በአክሲዮን የደረሰባቸውን አይርሳ።

በአገራችንም ቢሆን ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። አዲስ አበባ ባለው ትምህርት ቤት ነጂዎችና መካኒኮች ለራሳችንና ለሌሎች የአፍሪካ አገሮች ሲሠለጥኑ መኖራቸው ክብራችን ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ወደ ባሕረ ሰላጤው ኩባንያዎች ሄደው እንደሚሠሩም የታወቀ ነው። በብዙ አገር እንዲህ ያለውን ለማስቀረት ሠልጣኙ ይህን ያህል ዓመት እንዲያገለግል ውል ያስፈርሙታል። የሥልጠናው ወጪ ብዙ ስለሆነ ውሉ አግባብ አለው፤ ነገር ግን ውል ሰውን እስከ ተቈረጠው ቀን ያቆየዋል እንጂ ከዚያ በኋላ አያቆየውም። ከዚያ ቀን በኋላ የሚያቆየው የሚበቃ ደመወዝ፥ የታመነ ጡረታና፥ አቤቱታውን ሰምቶ የሚፈርድለት አለቃ ነው።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ የሠራተኛ ደመወዝ የመወሰን ሥልጣን የተሰጣችሁ ሁሉ፥ በመዝገቡ ላይ ቅነሳ ስትጽፉ ያን ቍጥር እንደ ትርፍ ብቻ አትዩት። ያ ቍጥር ከባለሙያው የተወሰደ ብድር ነው፤ አበዳሪው ዝም ቢል ረስቶት አይደለም፤ ቀኑን እየጠበቀ ነው። ቀኑም ሲደርስ የሚጠይቀው በገንዘብ ሳይሆን በመሄድ ነው። አይሮፕላን ቢጐድል በአንድ ውል ይገዛል፤ የሃያ ዓመት ልምድ ያለው ካፒቴን ቢጐድል ግን ሃያ ዓመት መጠበቅ እንጂ ሌላ መግዣ የለውም።